ከጋራ መደርደሪያው የጠፋው ወረቀት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ የወርቅውሃ አስራት
ዕድሜ፦ 43
አድራሻ፦ ሳን ሊያንድሮ፣ ካሊፎርኒያ
ሥራ፦ የማተሚያ ማሽን ገጣጣሚ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ሳን ሆዜ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

የተጠየቅሁት በአማርኛ ነው፤ የመለስኩትም በአማርኛ ነው።

ሳን ሆዜ የሚገኘው መሥሪያ ቤቴ የማተሚያ ማሽንም የሕክምና ፓምፕም ይሠራል። እኔ በማተሚያው ክፍል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ማጣበቂያው ሲደርቅ አረፋ እንዳይቋጥር የሚደረግበትን ዘዴ ሦስት ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ አንዱ ክፍል የሚያውቀውን ሌላውም ይወቀው ተብሎ፣ ሁሉም ዘዴውን ጽፎ በጋራ መደርደሪያ ላይ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ። ነገሩ አላማረኝም። ሁሉም ካወቀው እኔን ለምን ያቆዩኛል? ፈገግ እያለ «እናመሰግናለን» የሚለኝን ሁሉ ጠረጠርኩ።

ሰኞ ኖቬምበር 4 ከረፋዱ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 10፡00 ሰዓት ላይ ወረቀቴን አስቀመጥኩ። በምሳ ሰዓት በፓምፑ ክፍል የሚሠራው ጋሻው መጥቶ፣ «እትዬ የወርቅዬ፣ ያቺን የጻፏትን ሺት ኮፒ ላድርጋት? ፓምፓችን በመጋጠሚያው እያፈሰሰ፣ ሊክ እያደረገ አስቸገረን» አለኝ። ጋሻው አበልጄ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ሌላ ኩባንያ ኢንተርቪው አድርጓል ሲባል ሰምቼ ስለነበር «በኋላ» ብዬ ሸኘሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ጠፋ ተባለ። አለቃዬ ማንን እንደምጠረጥር ሲጠይቀኝ፣ ጋሻው መደርደሪያው አጠገብ ሲያንዣብብ አይቻለሁ አልኩ። በማግስቱ ጋሻው የድርጅቱን ምስጢር ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ ሰጥቷል በሚል ተጠርጥሮ ተያዘ።

ዛሬ የመጣሁት በእሱ ላይ ልመሰክር ነበር። መርማሪው ግን ጋሻው ወረቀቱን ማን ሲወስድ እንዳየ ደጋግሞ ተጠይቆ «ማንንም አላየሁም» ማለቱን ነገረኝ። ይህን ስሰማ እውነቱን ለመናገር ወሰንኩ። አይቶኛል እኮ! ሰኞ ከሰዓት በኋላ 4፡30 ላይ ወረቀቱን አጣጥፌ ምሳ ዕቃ የምይዝበት ቦርሳ ውስጥ ስከት፣ ቀና ብል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ደህና እደሩ እትዬ» ብሎኝ አለፈ። ያጋልጠኛል ብዬ ስለፈራሁ ቀድሜ ስሙን ሰጠሁ።

ወረቀቱ ቤቴ አለ፤ ለማንም አልሰጠሁትም፣ አላሳየሁትምም። በሠራሁት ሥራ አፍሬአለሁ። የክርስትና ልጄ አባት ያለጥፋቱ ታስሮ ሁለት ሌሊት ሲያድር እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ አንድም ሐሰት የለበትም። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን የወሰድኩት እኔ መሆኔ ለጋሻው እንዳይነገረው ልለምን አስቤ ነበር። እሱ ግን ያውቃል።

የምስክር ፊርማ፦ የወርቅውሃ አስራት
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ አይናዲስ ሀብተሥላሴ
የመርማሪ ፊርማ፦ __________