መቋሚያው የጠፋበት ሸክላ

ሄሎ! … ሄሎ፣ ሞላ? … አበቡ ነኛ! የእህትህ ድምፅ እንኳ ጠፋህ? እኔ ሳልህን ብቻ ብሰማ ለይቼ አውቅሃለሁ። ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ እንደኔ ያለ ጆሮ አልተፈጠረም፤ ትሰማኛለህ? … ደህና ነን፣ ደህና ነን። ሰላምታውን ተወውና የአባባን ግራማፎን ደሴ ወስደህ ምን አደረግኸው?

… እንዴት "አሳመርኩት"? እጅህን ይቁረጠውና፣ አበላሸኸው እንጂ! — ጋሼ ላቀው፣ በስልክ ቤትዎ አልጮህኩም! መስመሩ ነው የሚያስጮኸኝ! — አዎ ሞላ፣ አዲስ መርፌ፣ አዲስ ድምፅ ማጉያ፣ አዲስ ጎማ … አየነው። ዘማሪዎቹ ትንፋሽ ሲስቡ ሳይቀር ይሰማል። ያ በገና መሳዩም ድሮ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር፤ ዛሬ ክሩ አንድ ባንድ ይለያል። እሱስ ይሁን። መቋሚያውስ?

… "የምን መቋሚያ" ትለኛለህ? ጧ … ጧ … ጧ የሚለው ነዋ! ረሳኸው? ያን ክፉ ዘመን ካህናቱ ለማኅሌት መቆሚያ አቅም አጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ጭጭ ሲል፣ አባባ ሰው ቀብረው ይመለሱና ፈረንጁ ሐኪም የሰጣቸውን ያን የድሮ መዝሙር ይከፍቱ ነበር። "ስሚ አበቡ፤ የፈረንጅ ካህናትም መቋሚያ አላቸው። እኛ ዝም ስንል እነሱ ቆመውልናል" ይሉኝ ነበር። በዚያ ነው የከረሙት፤ በእህል መሰለህ?

ትናንት ታዲያ ለዕድገት በኅብረት የመጡትን ዘማች ተማሪዎች ጠርተው "ኑ፣ ስሙ" አሏቸው። ተከፈተ። ጧ የለ፣ ምን የለ! ብዙነህ የሚሉት ያ ጎፈሬያም ዘማች "አባቴ፣ ረሃብ ነው ያሰማዎት" ብሎ ሳቀባቸው። በመሪጌታ ይሳቃል? … ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። "እነሱም አልቆሙልንም ነበር ለካ" ነው የሚሉት።

… ሄሎ? ሞላ? … ታዲያ አሮጌውን መልስልን፣ ሁሉንም! … ምን? ጎማዋ ብቻ ትበቃለች? የቷ ጎማ? … ሸክላውን የምታዞረዋ … እሺ፣ ጠርዟ ተጎርዶ ነበር … እዚያ ላይ በደረሰች ቁጥር ጧ ትላለች … እና እኔ ምን ላድርግ? አይጥ በልታት ይሆናላ!

… የአይጥ ጥርስ አይደለም? ምላጭ?

… እኔ ምን አውቄ! — ጋሼ ላቀው፣ ምን ያስቅዎታል? —

… ትንሽ ነው የቆረጥኩት! … ግራማፎኑ የመጣ ሰሞን። ፈተና ደርሶብኝ፣ ላጲስ ከየት ላምጣ? … ሞልዬ፣ ሞቼ ልገኝ፣ ለአባባ እንዳትነግር። በነገው አውቶቡስ ላካት፤ አብሽር፣ እኔው እገጥማታለሁ። ጧ ትበል ብቻ፣ አባባ ይነሱልኝ … ትልካለህ? ማርያምን በል! … እሰይ!

… ምን አልክ? ጮክ በል፣ አልሰማሁህም …

ሄሎ? … ሄሎ! — ጋሼ ላቀው፣ ጉድ ሰሙ? "ያን ሁሉ ጆሮ ተሸክመሽ የገዛ ላጲስሽን ድምፅ አላወቅሽውም" ብሎኝ ዘጋው!