አውራዋ ንብ ምን በልታ አውራ ሆነች?

ባለፈው ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ ልቤ አላረፈም ነበር። ልጄ ተዋበች ካረገዘች አምስተኛ ወሯ ነው፤ አምና የወለደችው ከሲታ ሕፃን በሳምንቱ አልፏል። ዘንድሮም በአማቶቿ ቤት ወተት፣ እንቁላልና ጎመን እንደተከለከለች ሰማሁ። መንገድ ላይ አማቷን አቶ ጓዴን አህያቸውን ሲነዱ አገኘኋቸው፤ የተዋበች አስተማሪ የነበረችው ዕፀገነትም ከጎናቸው ትሄዳለች። ሰላምታውን ሳልጨርስ ልመናዬን ጀመርኩ።

«ጋሼ ጓዴ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ልጄን ያብሏት!»

«ማን አስራባት? ቆሎ አለ፣ እንጀራ አለ። ነጭ ነገር በጽንሱ ራስ ላይ ይለጠፋል፤ ጎመንም እንደዚያው። ልጁ ከገዘፈ ምጡ አያድርስ ነው። ደግሞስ የእኛ ዘር ቀጭን ነው፤ ምግብ ዘር አይለውጥም።»

«ዘሩን አይለውጥም አባባ፣ እውነትዎን ነው» አለች ዕፀገነት። «የዘሩን ትእዛዝ ግን ይከፍታል፣ ይዘጋልም።»

«የዘንድሮ መምህር ማሕፀን ገብታ ታስተምር ጀመር!»

ሳቀች። «ንብ ያረባሉ አይደል? አውራዋ ስትሞት ንቦቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ከተራው እጭ መርጠው ሌላ ያሳድጋሉ። ይሄንማ ማን ያጣዋል?»

«ዘሯ ያው ከሆነ ከእህቶቿ ምን ለያት?»

እኔ መታገሥ አቃተኝ፤ «ምግቡ ነዋ!» አልኩ።

«አዎ። ሌሎቹ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቀምሱትን ነጭ ምግብ እሷ እስክታድግ ትጠግበዋለች። በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የዘር ትእዛዝ የተጻፈበት ረጅም ክር አለ። የጉበቱም የአንጎሉም ክር አንድ ነው። በእንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል በጥቃቅን ኳሶች ላይ ተጠቅልሏል፤ ክሮማቲን እንለዋለን። ጠብቆ የተጠቀለለው አይነበብም፣ የላላው ይነበባል። ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች ምልክት እየለጠፉና እያነሱ ያጠብቁታል፣ ያላሉታል። ምልክቱን የሚያገኙት ሰውነት ከሚያብላላው ምግብ ነው፤ ከጎመኑ፣ ከምስሩ፣ ከእንቁላሉ። ስንቅ ያጣ ሠራተኛ ምን ይሠራል?»

«ታዲያ ወተት ካጠጣናት አውራ ልትወልድልን ነው?» ብለው አፌዙ።

«ሰው ንብ አይደለም። ምግብ ብቻውንም ሁሉን አያደርግም፤ የጤና ጣቢያው ክትትል አለ። ራሱ ላይ የሚለጠፍ ነገር ግን የለም። ምግቡ በእናቱ ሆድ ደቅቆ በደም ነው የሚደርሰው።»

አቶ ጓዴ ቆሙ። አህያው ጥሏቸው ሄደ።

«አምና በመዳፌ ያዝኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ከጫጩት አይከብድም ነበር። ዘራችን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤታቸው ደወሉ። «ላቀች፣ ለተዋበች ጎመን ቀቅይላት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ወተቱና እንቁላሉ ከነገ ይሁን።» የወይዘሮ ላቀች ቁጣ እኛ ድረስ ተሰማ። አቶ ጓዴም መለሱላቸው፤ «ይገዝፋል? ይግዘፍ! ለገዘፈ ልጅ ሐኪም አለ። ለከሳው ግን መቃብር ቆፍረናል።»

እርጉዝ በቤታችሁ ያለቻችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አትከልክሏት። የበላች እናት ደሟ ይበረታል፤ ልጇም ክብደቱ ሞልቶ የመወለድ ዕድሉ ይሰፋል። በማሕፀን የተለጠፈው ምልክት እስከ ጉልምስና ሊከተለው ይችላልና።

እንቅልፌ ገና አልተመለሰም፤ አራት ወር ይቀራል። ልጄ ግን ትበላለች።