ስታርፍ የሚብስባት ሕመም

እማማ ሐይሪኒሶ የዚያን ቀን ከቤት የወጡት ምራታቸውን ወደ ወላጆቿ ለመመለስ ቆርጠው ነው። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በኡዝቤኪስታኗ ማርጊላን ከተማ የእንጆሪ ዛፎች ጥላ ሥር አውቶቡስ ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ዶክተር ገውሃር ድንገት አገኘቻቸው። ገውሃር ዋና ከተማው ታሽከንት ተምራ ብትመጣም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታላላቆቿን ሰላም ማለት ያልረሳች ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ ደህና አደሩ? እንዲህ አምሮብዎት ሠርግ አለ እንዴ?»

«ሠርግ ላፈርስ ነው የምሄደው!» አሉ እማማ ፊታቸውን አጨፍግገው። «ኦይዲንን ለእናት ለአባቷ ላስረክብ ነው። ልጄ ሩሲያ በረዶ ላይ ይለፋል፣ እሷ እዚህ ፀሐይ እስኪሞቃት ትተኛለች። የሰው ምራት ጎህ ሳይቀድ ግቢ ጠርጋ ሻይ ታቀርባለች። የኔዋ የሻይ ስኒውን እንኳ በሁለት መዳፏ ታቅፋ ነው የምታነሳው!»

የገውሃር ፈገግታ ጠፋ። «ረፈድ ሲልስ እንዴት ናት?»

«የሚያናድደኝ እሱ አይደል! ለምሳ ሲደርስ እጇ ተፍታቶ ሊጥ ታቦካለች። እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ስሠራ ነው፤ ሳርፍ ይተወኛል። እሷን ስታርፍ ያማታል፣ ስትሠራ ይሻላታል። ሥራ የሚፈውሰው በሽታ የት አገር ነው ያለው? ስንፍና ነው እንጂ!»

ለእማማ እውነቱን እንስጣቸው፤ ያዩትን በትክክል አይተዋል። የተሳሳተው ፍርዳቸው ነው። በዚሁ ፍርድ በሰፈራችን ስንት ምራት ስሟ እንደጠፋ አላህ ይወቀው።

«አይቆጡኝና አክስቴ፣» አለች ገውሃር፣ «የእርስዎ ጉልበት ብዙ ዘመን ሠርቶ ያለቀ ነው። የእሷ ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም። በደማችን ውስጥ ጀርም ሲገባ ለይተው የሚዋጉ ጠባቂዎች አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ይሳሳታሉ። የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይዘምቱበታል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ላይ ይሰፍራሉ፤ ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይበላል።»

«ዘበኛው የጌታውን ቤት ያፈርሳል ነው የምትዪኝ?»

«ተንኮል የለበትም፤ ሰው ተምታቶበት ነው።»

«እሺ፣ ጠዋት ጠዋት ለምን ይብሳል?»

«እነዚህ ጠባቂዎች እርስ በርስ የሚላላኩት የቁጣ መልእክት በደም ውስጥ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። እጅም ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ስለሚያድር እብጠቱ ይጠራቀማል፣ ጣት ይደርቃል። ሲንቀሳቀስ ቀስ እያለ ይለቃል። እርስዎ ስንፍና ያሉት ነገር ዋናው ምልክቱ ነው። ሁለቱም እጇ ነው?»

«ሁለቱም፣» አሉ እማማ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቀለበቷን ካወለቀች ሰነበተች። ልጄን ጠልታው መስሎኝ ነበር» ብለው ጨመሩ።

«ጣቷ አብጦ ይሆናል እኮ፣ አክስቴ።»

እማማ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ብርድ ገብቶባት ነው እንበል። የበግ ላት አቅልጬ ባሽላትስ?»

«መታሸቱ ያጽናናታል፤ የተሳሳቱትን ጠባቂዎች ግን አይመልሳቸውም። ቁጣቸውን የሚያበርድ መድኃኒት አለ።»

«ዘበኛ ከተዳከመ ሌላ በሽታ ቢገባባትስ?»

«ጥሩ ጠየቁ! ደሟን እየመረመርን የምንሰጠው ለዚሁ ነው። ለጽንስ የማይሆን መድኃኒትም ስላለ እርግዝና ካሰበች አስቀድማ ትነግረናለች። ክፉው ነገር መዘግየት ነው። አንዴ የተጣመመ ጣት በመድኃኒት አይቃናም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። እማማ አልተሳፈሩም። «ነይ፣ እጇን እዪልኝ» ብለው የገውሃርን ክንድ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ገውሃር የኦይዲንን ጣቶች ከሥራቸው ቀስ አድርጋ ስትጫን ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ እማማ።

«ስንፍናዬን የምሸፍን እንዳይመስልዎት ፈርቼ ነው፣ እናቴ።»

እማማ ያበጡትን ጣቶቿን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ያዙ።

ምርመራው ገውሃር የጠረጠረችውን አረጋገጠ። መድኃኒቱ ወዲያው አልሠራም፤ ሳምንታት ፈጅቷል። እማማ በየማለዳው ለብ ያለ ውኃ እያቀረቡ ምራታቸውን እጇን ያስነክሯት ጀመር። ወይን ሲበስል እብጠቱ ሟሽሾ ኦይዲን የጥልፍ መርፌዋን ያዘች። ጊዜው ሳያልፍ በመታከሟ አጥንቷ ሳይበላ ተረፈ፤ ትዳሯ ተረፈ፤ ቤቱም ከንዝንዝ አረፈ። ይህን ሁሉ ያተረፈው ጠይቆ የመረዳት ነገር ነው።

በመከር እማማ ያቋረጡትን መንገድ ሄዱ። የኦይዲን እናት በር ከፍተው ሲያዩዋቸው ክው አሉ፤ ሳይጠራ የሚመጣ አማት ለወቀሳ እንጂ ለሌላ አይመጣምና።

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ያጠፋሁስ እኔ ነኝ፣» አሉ እማማ ሐይሪኒሶ። «እንዲያ እያመማት አንድም ቀን ፊቷን ሳታጠቁርብኝ ያገለገለችኝን ልጅ አሳድገው ሰጡኝ። እኔ ልመልስልዎት ነበር። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግንዎት ነው።» እንባቸው ቀደማቸውና ደጃፉ ላይ እንደቆሙ የምራታቸውን እናት አቅፈው ሳሙ።