የትራንስፎርመር ዘይት

ከሸጎሌ ወደ ጳውሎስ በታክሲ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን የመብራት ሠራተኛ አፋጠጡት።

«የሰፈራችንን ትራንስፎርመር ለምን ነቀላችሁት?»

«አሮጌ ነው፣ እማማ። ዘይቱ መርዝ ስላለው እንዲህ ያሉትን ሁሉ እያነሳን ነው።»

«የምን መርዝ? እኔ ጉልበቴን የማሸው በሱ አይደል እንዴ!»

«በትራንስፎርመር ዘይት?»

«ለቁርጥማት ፍቱን ነው ተብዬ! ሲያንጠባጥብ በጣሳ እቀበላለሁ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ካንሰር ያመጣል እኮ! ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«የእናንተው ሰው ነዋ! ሊጠግን መጥቶ በጠርሙስ ሞልቶ የሰጠኝ።»

«በሉ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት። ለሐኪምም ይንገሩ።»

«አሁን ነው የሚነገረኝ? ስትነቅሉትስ አፍ ያለው ሰው አልነበረም?»

«እማማ፣ ለእኛስ ማን ነገረን? ስንት ዓመት ያለ ጓንት ስንቀዳው ኖርን!»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጆቹን አዩ።

እኔም ዞር ብዬ የሠራተኛውን እጆች አየሁ።