አንጀት የሌላት ሳይክል

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ በያጁ ጋሽ መርሻ ከተዘጋው ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የድንጋይ ላይ ሳይክል ነጂዋ ሂክመት ከፊቱ ቆማለች።

መርሻ፦ አልሠራም አልኩሽ እኮ፣ ሂክመት። ስንት ጊዜ ልናገር? ከእንግዲህ ለሳይክል ቀርቶ ለመስኮት ፍርግርግም ብየዳ አልጨብጥም።

ሂክመት፦ ስምንት ቀን ሙሉ ሱቁን ዘጋህ እኮ ጋሼ። የጀመርከው የሰው አልጋ እግሩ ሳይበየድለት ተጋድሟል። ባለቤቶቹ መጥተው ቆርቆሮውን ደብድበው ይመለሳሉ።

መርሻ፦ ይመለሱ። ድሬ ውስጥ በያጅ ሞልቷል። የሰው ትከሻ ያልሰበረ በያጅ ይፈልጉ።

ሂክመት፦ የኢብሳን ትከሻ የሰበርከው አንተ አይደለህም።

መርሻ፦ ታዲያ ማን ሰበረው? የሳይክሏን ፍሬም ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቧንቧውን የቆረጥኩት፣ ያጎበጥኩት፣ የበየድኩት እኔ ነኝ። ልጁ በሕዝብ ፊት ወደቀ፤ ትከሻው ተሰበረ፤ ሁለት ጥርሱን ድንጋዩ ላይ ጥሎ ሄደ። ሌላ ጥፋተኛ ከየት ላምጣ?

ሂክመት፦ ልቀመጥ? ቆሜ የምነግርህ ነገር አይደለም።

መርሻ፦ ተቀመጪ። ልታጽናኚኝ ከሆነ ግን ድካምሽ ነው። ጓደኛሽ ቶፊቅ ትናንት መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጽናናኝ ቆየ፤ እሱ ሲሄድ ከበፊቱ ብሶብኝ ቀረሁ።

ሂክመት፦ ላጽናናህ አልመጣሁም። ፍሬሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደቻቱ ወንዝ ያመጣህባት ቀን ትዝ ትልሃለች?

መርሻ፦ እንዴት አትለኝም። እኔ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የበየድኩ ሰው ነኝ። ባቡሩ ሲቆም እዚህች ሱቅ ገባሁ፤ ሥራዬ ሁሉ አልጋና ፍርግርግ ሆነ። ብየዳ የሚባል ነገር ሊሰለቸኝ ሲል አንቺ፣ ቶፊቅና ኢብሳ ሦስታችሁ መጣችሁ። ወንዙ ሲደርቅ ደቻቱ ውስጥ ገብታችሁ፣ እግራችሁ መሬት ሳይነካ በሳይክል ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላላችሁ። መጀመሪያ ያበዳችሁ መስሎኝ ነበር። በየሳምንቱ የተጎዳ ፍሬም ታመጡልኛላችሁ፤ ሁልጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ያው ከስር በኩል ያለው፣ ድንጋይ የሚያገኘው ቧንቧ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ፣ ይሄ ቧንቧ ጭራሽ ባይኖርስ ብዬ አሰብኩ።

ሂክመት፦ አወጣኸው።

መርሻ፦ አወጣሁት። በሱ ፋንታ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧ ከመሪው አንገት አስነስቼ፣ በግራና በቀኝ እንደ ጎድን አጥንት አጉብጬ፣ ከፔዳሉ ኋላ አገናኘኋቸው። መሀሏ ክፍት ሆነ። መቀመጫ የላት፣ ከሆዷ የሚጋጭ የላት። አሥራ አንድ ወር ፈጀችብኝ። የጨረስኳት ዕለት በአንድ እጄ ከራሴ በላይ አነሳኋት፤ ለብቻዬ ስስቅ ጎረቤቴ ሰምቶኝ፣ ደህና ነህ ወይ ብሎ መጣ።

ሂክመት፦ ቶፊቅ ሲያያት ሳቁ አላስቆም ብሎት ቁጢጥ አለ። አንጀት የሌላት ሳይክል አላት።

መርሻ፦ ስሟም እሱው ሆኖ ቀረ። እኔ አልከፋኝም፣ ወድጄው ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ንዷት አልኳችሁ። አትፈሩኝ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ የሚቀየረውን እቀይራለሁ ብዬ ለመንኳችሁ።

ሂክመት፦ ብለሃል። ቶፊቅ መጀመሪያ ነዳት፤ መሪዋ ይርቃል፣ እጁ ለሚያጥር ሰው አትመችም አለ።

መርሻ፦ በነጋታው አሳጠርኩለት።

ሂክመት፦ ቀጥሎ እኔ ነዳኋት። ሽቅብ ስትወጣ በእውነት ድንቅ ነበረች፤ ድንጋዩ ሆዷን ፈልጎ ያጣል። ያን የሚያክል ቋጥኝ ላይ በሁለት ዝላይ አወጣችኝ። ከሱ ላይ በኋላ ጎማዋ ወደታች ስወርድ ግን ከስሬ ተጠማዘዘች። መሪዋ ወደፊት እያየ ኋላዋ ወደ ግራ ሄደ። ብዙ አይደለም፣ የጣት ያህል ነው። ቀኝ እግሬን ጫን ብዬ መለስኳት። እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት ብዬ ደገምኩት፤ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ አልወረድኩም። ውሃ ጠማኝ ብዬ ከዳገቱ ገፍቼ አወረድኳት።

መርሻ፦ ጥሩ ነው ነበር ያልሽኝ።

ሂክመት፦ ጥሩ ነው አልኩህ። በጣም ጥሩ ነው ብዬም ጨመርኩበት።

መርሻ፦ ለምን?

ሂክመት፦ ፊትህን አይቼ ነዋ። እጅህን በሱሪህ እየጠረግክ ቆመህ ነበር። እጅህ ላይ ምንም የለም፤ ዝም ብለህ ትጠርጋለህ። ልጁ ፈተና ላይ የተቀመጠበት አባት ትመስል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። አሁን ሰው ፊት ከምነግረው ነገ ሱቁ ሄጄ ለብቻው እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው መጣሁ። አንተ ደግሞ በር ላይ ተቀብለህ፣ ለወጣቶች ቀን ልትታይ ነው፣ የከተማው ሰው ሁሉ ሊያያት ነው አልከኝ። ቀለም እየመረጥክ ነበር። ሰማያዊ ይሻላል ወይስ ቀይ ብለህ ጠየቅከኝ።

መርሻ፦ ሰማያዊ አልሽኝ።

ሂክመት፦ ሰማያዊ ብዬህ ወጣሁ።

መርሻ፦ ስሚኝ ልጄ። ይሄ ከሆነ ያመጣሽ፣ በዚህ ራስሽን አትብዪ። ሽማግሌ እንዳይከፋው ብለሽ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ሂጂና ተኚ። ዓይንሽ ቀልቷል።

ሂክመት፦ ይሄ አይደለም ያመጣኝ። ይቅርታህን ቶሎ አትስጠኝ፣ ገና አልጨረስኩም። ለወጣቶች ቀን እንዲነዳት የተመረጠው ማን ነበር?

መርሻ፦ አንቺ ነበርሽ። ጉልበትሽን አመመሽና ኢብሳ ተካሽ።

ሂክመት፦ ጉልበቴን አላመመኝም።

መርሻ፦ ቀጥዪ።

ሂክመት፦ ያን ጠዋት ሜዳው ላይ የተደረደረውን ድንጋይ አየሁት። የመጨረሻው ቋጥኝ ከሰው ደረት ይበልጣል፤ ከሱ ላይ ወደ ሲሚንቶው ነው የሚወረደው። ከዚያ ላይ ስትወርድ የጣት ያህል አይደለም የምትሄደው። አወቅኩ። አንተን አሳዝኜ እውነቱን መናገርም ፈራሁ፣ ዝም ብዬ መንዳትም ፈራሁ። ሁለቱንም በአንድ ውሸት ተገላገልኩ። ፋሻ ገዛሁና ጉልበቴ ላይ ጠቀለልኩ። ኢብሳ መጥቶ አየኝ። ምን ሆንሽ አላለኝም እንኳ፤ አንቺ እረፊ፣ እኔ አለሁልሽ አለኝ። ተንበርክኮ ፋሻዬን ፈትቶ እንደገና አጥብቆ ያሰረልኝ እሱ ነው፣ ጋሼ። ደሙ እንዳይታፈን ብሎ በጣቱ እየለካ።

መርሻ፦ አልነገርሽውም?

ሂክመት፦ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ስትወርድ በግራ በኩል ተጠንቀቅ ልለው ነበር። ይህችን ብቻ ብነግረው ይበቃው ነበር፤ ኢብሳ በጣም ጎበዝ ነው። ግን ሙዚቃው ጮኸ፣ ሰው መጣ፣ ጠሩት... አይ። ለራሴም እንዲህ እያልኩ ነው የከረምኩት። ማንም አልመጣም። ሙዚቃም አልነበረም። ብነግረው አንቺስ ለምን አልነዳሽም ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ቆሜ አየሁት። ሲወጣ ሁሉም ጮኸለት፣ ሲወርድ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁን ነው የሰማሁት።

መርሻ፦ ከዚያ ወዲህ ሄደሽ አይተሽዋል?

ሂክመት፦ አልቻልኩም። በራቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እናቱ እንኳ ስለ ጉልበቴ ነው የሚጠይቁኝ፤ ገበያ አግኝተውኝ ምን የመሰለ ቅባት ሰጡኝ። ልጃቸው ባጃጁን አቁሞ አልጋ ላይ ነው፣ እሳቸው ለእኔ ጉልበት ቅባት ያዞራሉ። አንተ አይተኸዋል?

መርሻ፦ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር።

ሂክመት፦ እንዴት ነው?

መርሻ፦ አፉ አብጧል፤ የሚለው በግድ ነው የሚሰማው። ሐኪሙ ሦስት ወር እጁን እንዳያንቀሳቅስ ብሎታል። ገብቼ ሳልቀመጥ ምን አለኝ መሰለሽ? ጋሼ፣ ይቅርታ አለኝ።

ሂክመት፦ እሱ? አንተን?

መርሻ፦ እኔን። ያን ሁሉ የለፋህበትን ሥራ በሕዝብ ፊት አበላሸሁብህ አለኝ። ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ደቻቱ ላይ በሞከራት ቀን እሱም ተሰምቶት ነበር፤ ኋላዋ ከዳኝ አለ። ግን ሂክመት ቀድማኝ በጣም ጥሩ ነው ብላ ነበር አለ። ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ናት፣ እሷ ካልተሰማት ስህተቱ ከእኔ ነው ብዬ እኔም ጥሩ ነው አልኩ አለኝ። ከእንግዲህ ሳይክል አልነዳም ብሏል። ሰውነቴ የሚነግረኝን ማመን አልችልም አለ።

ሂክመት፦ እንዲህ አለ?

መርሻ፦ በዚህ ጆሮዬ።

ሂክመት፦ ሰውነቱ አልዋሸውም እኮ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንተን እንዳይከፋህ ብዬ ነበር የመሰለኝ። እሱን ነው ያሳሳትኩት።

መርሻ፦ አታልቅሺ በቃ።

ሂክመት፦ ተወኝ። አንተ ምን አልከው?

መርሻ፦ ምን እለዋለሁ? ራሱን ዳበስኩት። አይዞህ፣ ትድናለህ አልኩትና ወጣሁ።

ሂክመት፦ ያ ብቻ? ጥፋቱ የአንተ አይደለም አላልከውም?

መርሻ፦ አላልኩትም።

ሂክመት፦ አሁን ከመቀመጤ በፊት እኔ ነኝ የሰበርኩት ስትለኝ አልነበር? ስምንት ቀን ሱቅ የዘጋኸው ለዚህ አይደለም? ልጁ ፊትህ ተኝቶ ይቅርታ ሲጠይቅህ እንዴት ዝም ትላለህ?

መርሻ፦ ለአንቺ ማለት ቀላል ነው። እኔ ነኝ ስልሽ፣ አይደለህም ትይኛለሽ። ቶፊቅም አይደለህም ይለኛል። ስትሉኝ ደግሞ ትንሽ ቀለል ይለኛል። ለኢብሳ ብነግረው ግን ያምነኛል።

ሂክመት፦ ማመን አለበት። ግን አንተ ምን አጠፋህ? ሦስታችንም ጥሩ ነው አልንህ። ከየት ታውቃለህ?

መርሻ፦ ሂክመት፣ የወጣቶች ቀን ጠዋት ድንጋዩን በጫነው አይሱዙ ላይ ነበርሽ፣ ከጫኞቹ ጋር።

ሂክመት፦ ነበርኩ።

መርሻ፦ ኬላው ጋ ሲቆም ከላይ ዘለሽ ወረድሽ። ከቆመ መኪና ላይ፣ በሁለት እግርሽ። ወርደሽም ሮጠሽ ልጆቹን ተቀላቀልሽ። እኔ ማዶ ሻይ እጠጣ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፋሻ አስረሽ እያነከስሽ መጣሽ።

ሂክመት፦ አይተኸኝ ነበር?

መርሻ፦ አይቼሽ ነበር። ደቻቱም ላይ ሦስተኛውን ሳትወርጂ ገፍተሽ ስትመለሺ አይቼሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ሳይ የኖርኩ ሰው፣ ያ ቀኝ እግርሽን ደጋግመሽ ስትጫኚ ለምን እንደሆነ ሊጠፋኝ ነው? ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የፋሻውን ቀን ግን ራሴንም ማሳመን አልቻልኩም። ጉልበትሽ ደህና እንደሆነ አውቅ ነበር። የፈራሽው እሷን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሂክመት፦ ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?

መርሻ፦ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ከነገርሽኝ ደግሞ ያን ቀን ማንም አይነዳትም ነበር።

ሂክመት፦ እንድትታይልህ ብለህ?

መርሻ፦ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የሠራሁትን ነገር ቆሞ ያየልኝ ሰው አልነበረም። አልጋ ላይ ይተኛል እንጂ ማን በያጁን ይጠይቃል። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው። አንዴ ወጥታ ትውረድ፣ ከዚያ አሻሽላታለሁ አልኩ። ኢብሳ ላይ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አንቺ ዓይንሽን ጨፈንሽ፤ እኔ ግን አየሁ።

ሂክመት፦ ቅድም ይቅር ብዬሻለሁ ስትለኝ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ነበር።

መርሻ፦ እያወቅኩ ነበር። አሁን የፈለግሽውን በዪኝ። ብቻ ልጁ ጋ ሄደሽ የራስሽን ስትነግሪው፣ እኔን ተዪኝ። በዚህ ዕድሜዬ ያ ልጅ በክፉ ዓይን እንዲያየኝ አልፈልግም።

ሂክመት፦ እሱ ግን በዚህ ዕድሜው ገላውን ማመን አቁሟል። ስህተቱ ከፍሬሟ ነው ብዬ እኔ ብነግረው፣ ጋሼን ልታሳጣ ነው ብሎ አያምነኝም፤ የሠራት ሰው ካልነገረው አያምንም። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ። አብረን ነው የምንሄደው፤ እዚያ ስንገባም መጀመሪያ የምትናገረው አንተ ነህ።