ሳትሰጥም የተገኘችው ጀልባ

የምስክር ቃል
መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሽ መጋዝ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 52 ሥራ፦ ጀልባ ሠሪ
አድራሻ፦ ሐይቅ ዳር፣ ከጀልባ መሥሪያው ጓሮ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 9፣ ከረፋዱ 4፡00

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ አማቼ፣ ማለትም ስለ እህቴ ባል፣ አሟሟት ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ።

እኔ፣ እህቴና ባሏ ሁለት ሰው የምትይዝ የመዝናኛ ባለ ሸራ ጀልባ ሠርተን ለመሸጥ ተስማምተን ነበር። ንድፉን ያወጣሁትና አካሏን ከኮምፔንሳቶ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሸራውን የሰፋችው እህቴ ናት። ውሃ ላይ የሚሞክራት ባሏ ነበር።

እንዲህ ያለች ጀልባ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም በሁለቱም ጎኖቿ ውስጥ የታሸገ የአየር ሳጥን ይሠራላታል። እኔ ሳጥኖቹን ከሚያስፈልገው እጥፍ አድርጌ ሠራኋቸው። ምክንያቴ ጉራ ነው፤ ለገዢ «ይቺ አትሰጥምም» እያልኩ ላይዋ ላይ መዝለል ደስ ይለኝ ነበር። አማቼ አንድ ቀን ዳር ላይ ገልብጦ ካያት በኋላ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ስትገለበጥ እንደ ኳስ ነው ውሃው ላይ ቁጭ የምትለው። ንፋስ ይዟት ይሄዳል፤ ሳጥኑን ቀንስላት» አለኝ። «ሰው ጀልባዬ ሰጠመች ብሎ ያለቅሳል፣ አንተ አልሰጥም አለች ብለህ ታለቅሳለህ» ብዬ ቀለድኩበት። እህቴም ሳቀች፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ።

እሑድ ከቀኑ 10፡00 ገደማ አማቼ ብቻውን ይዟት ወጣ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደሪያ አልለበሰም። «ይሞቃል፤ ደግሞስ አትሰጥምም ብለህ የለ?» ሲለኝ፣ ልቆጣው ሲገባኝ ደስ ብሎኝ ጀልባዋን ገፋሁለት። ብዙም ሳይርቅ ድንገተኛ ንፋስ ገለበጣት። አማቼ ዋና ስለሚችል ፊቱን ወደ ዳር መልሶ መዋኘት ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ዳር ቆሜ «ጀልባዋን ያዛት! እንዳታመልጥህ!» ብዬ ጮህኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰምቶኝ ተመለሰ። በተጠጋት ቁጥር ንፋሱ አራቃት። በጎኗ ተኝታ እየተነዳች ሳለ ሸራው ሲቀደድ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ከኋላዋ መዋኘቱን አልተወም። በመቅዘፊያ ጀልባ ስደርስ ግን አላገኘሁትም። ጀልባዋ ሳትሰጥም ማዶ ተገኘች፤ አስከሬኑ ሰኞ ጠዋት ወጣ።

እህቴ የተቀደደውን ሸራ ካየች ወዲህ «በእጄ ገደልኩት፤ ስፌቱን አላጠበቅኩትም» እያለች ታለቅሳለች። ለፖሊስም ይህንኑ መናገሯን ሰምቻለሁ። እኔ ሁሉን እያወቅኩ ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «እግዜር ያመጣው ነው» እያልኩ አጽናናኋት። እህል አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት ይለኛል፤ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ። ባሏን የወሰደው የእኔ ሳጥንና የእኔ አፍ ነው እንጂ የእሷ መርፌ አይደለም።

ይህንን ፊት ለፊት ልነግራት ስላልቻልኩ፣ ቃሌ ሲነበብልኝ ኮሪደር ላይ የተቀመጠችው እህቴ እንድትሰማ በሩ ክፍት እንዲሆን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ተነቦልኝ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃሉ ሲነበብ የምስክሩ እህት ወደ ክፍሉ ገብታ «ፊቱን ወደ ዳር መልሶ ነበር ያለውን ድገሙልኝ» በማለቷ ያ ቦታ በድጋሚ ተነቧል።