«ቤተሰቤ» የተባለችው ልጅ

ጠዋት አትላንታ አጠገብ ካለችው ክላርክስተን በሚነሳው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ ነጠላ የለበሱ እናትና የሆቴል ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጄ ተፈቀደላት! ሐሙስ አትላንታ ትገባለች።»

«እልል ይበሉ እንጂ፣ እማማ! እኔ የጻፍኩልዎትን ማመልከቻ ሪጀክት አድርገውት አልነበር?»

«ምን ብለህ ጻፍክና! ‹ቤተሰቤ ሱዳን ውስጥ በአስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ትገኛለች።›»

«ያማረ አረፍተ ነገር ነበር እኮ።»

«ቤተሰብ አክስትም ይሆናል፣ አማትም ይሆናል። የኢሚግሬሽን ቢሮዋ ሴትዮ ‹ማን ናት?› ብላ መለሰችው። ‹አስቸጋሪ ሁኔታ›ስ ምንድን ነው? አውቶቡስ ሲያመልጥህም እንደዚያው ትላለህ።»

«እሺ፣ በኋላ ምን ብለው ጻፉ?»

«ጎረቤቴን ‹የምልሽን ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ› አልኳት። ‹የወለድኳት ልጄ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ብቻዋን ናት። በዚህ ክረምት ወባ ሁለት ጊዜ ጥሏታል።› በቃ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ጎረቤቴም ‹እጅግ አሳዛኝ ነው› የሚል ልጨምርበት ብላ ነበር። እጇን ያዝኳት። ማዘኑን ለሚያነበው ሰው ተዪለት አልኳት።»

«ኦ ማይ ጋድ! እኔ ኮሌጅ እየተማርኩ እርስዎ በለጡኝ።»

«ልጄን የማውቃት እኔ ነኛ! ይልቅ ሐሙስ ኤርፖርት ታደርሰኛለህ?»

«ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ የወንድሜን መኪና ይዤ እመጣለሁ!»

ቦርሳዬን ከፍቼ ለእናቴ የጻፍኩትን ደብዳቤ አወጣሁና «ሁሉ ነገር ደህና ነው» የሚለውን መስመር ሰረዝኩት።